በነጻ ቲኬት ላይ የተደረገው የሃምሳ በመቶ ቅናሽ

የታላላቅ ድርጅቶች ታላቅነት የሚታወቀው በደጉ ጊዜ አይደለም። በደጉ ጊዜማ ማንም ታላቅ ነው። እውነተኛው ታላቅነት የሚፈተነው ትናንት የተወለደ፣ ሦስት አውሮፕላን ያለው፣ ለመንገደኛ ውኃ እንኳ በገንዘብ የሚሸጥ አንድ ወጠጤ ተነሥቶ፣ ከተራራው ማዶ ወዳለችው ከተማ በግማሽ ዋጋ መብረር የጀመረ ዕለት ነው። ያን ዕለት አንጋፋው አየር መንገድ አልደነገጠም፤ አልተንጫጫም፤ ዋጋም አልቀነሰም። ኮሚቴ አቋቋመ።

የኮሚቴው ሙሉ ስም «ተፎካካሪውን በዋጋ የማስተማር፣ የማንበርከክና የመቅጣት ዐቢይ ኮሚቴ» ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ስላልበቃው «የመቅጣት» የሚለው ግድግዳው ላይ ተጻፈ። የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ቀን ከፈጀ በኋላ አንድ ከባድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ይኸውም የተፎካካሪው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በድርጅቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዳይጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዘበኛው እስከ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሁሉም «ስም አይጠሬው» ይለው ጀመር። ስሙ ባለመጠራቱ የከሰረ ነጋዴ እስካሁን አልተሰማም። ኮሚቴው ግን ሥራ መጀመሩ ታወቀ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ በመሥሪያ ቤቱ «ታሪፍ» እየተባለ የሚጠራ ሰው ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የታሪፍ ክፍል ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ያ ስም ቀስ በቀስ ከላዩ ረግፎ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ «አንተ ታሪፍ!» ትለዋለች። ደግ ሰው ነው። ክፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራውን ያውቃል።

«ዋጋ እንቀንሳለን» አሉ ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ፣ እንደ ጦር አዛዥ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየወጉ። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሲቀመጡም የቆሙ ይመስላሉ። «ነገር ግን ገቢያችን ሳይቀንስ።»

«ሳንቀንስ እንዴት አድርገን ነው የምንቀንሰው?» አሉ የገንዘብ ኃላፊዋ።

«እሱን ታሪፍ ያውቃል።»

ታሪፍ ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይዞት የቀረበው ሐሳብ በእውነቱ ሲያዩት የሚያምር ነበር። በእያንዳንዱ በረራ ላይ ስድስት ወንበር ብቻ ከስም አይጠሬው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ያ ዋጋ በየአደባባዩ የበር መዝጊያ በሚያክል ቁጥር ይለጠፋል። ከቁጥሩ ጎን ጉንዳን በምታክል ፊደል «ጀምሮ» የሚል ይጨመርበታል። ስድስቱን ወንበር ያገኘ ባለ ዕድል ሻንጣ አይዝም፣ ወንበር አይመርጥም፣ ቀን አይለውጥም፣ ቢሞትም ገንዘቡ አይመለስለትም። ስድስቱን ያጣው ደግሞ አንዴ ወጥቶ እዚያ ድረስ መጥቷልና፣ እፍረት ይይዘውና በውዱ ይገዛል። በመጨረሻ ሰዓት ባዶ የቀረ ወንበር ካለ፣ በተገኘው ዋጋ ተሽጦ አውሮፕላኑ ይሞላል።

ሞላም። እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ ሞላ። ለታሪፍ የምስጋና ወረቀት በመስተዋት ተከድኖ ተሰጠው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም «ታሪፍ» ነበር። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ታሪፍ በቆፈረው ጉድጓድ መጀመሪያ የገቡት የወለዱት እናቱ ነበሩ።

እናቱ የሚኖሩት ከተራራው ማዶ ነው። ዓይናቸውን ይታመማሉ። በየአምስት ሳምንቱ ወደ ከተማ እየመጡ ዓይናቸው ውስጥ መርፌ ይወጋሉ፤ በአውቶቡስ እንዳይመጡ መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ ጉልበታቸውም አይችለውም። ሐኪሙ ገና ሲጀምሩ አስጠንቅቋል። «አንድ ቀጠሮ ካለፈ ብርሃናቸው ይቀንሳል። ሁለት ካለፈ እኔን እንዳትወቅሱኝ» ብሏል። ደግነቱ አንጋፋው አየር መንገድ የሠራተኛውን ወላጅ አይረሳም። ነጻ ቲኬት ይሰጣል። በቲኬቱ ላይ በቀይ ማኅተም «ቦታ ከተገኘ» ይላል፤ አውሮፕላኑ ግማሹን አየር ጭኖ በሚበርበት በድሮው ዘመን ደግሞ ቦታ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

የልጃቸው ጥበብ አውሮፕላኑን ከሞላው በኋላ ግን እናት ነጻ ቲኬታቸውን ይዘው ሦስት ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ተመላለሱ። ጠዋት በታክሲ ይሄዳሉ፤ ሁሉም ተሳፍሮ ሲያልቅ «እማማ፣ ለዛሬ አልተገኘም» ይባላሉ፤ በታክሲ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ቀን የቀጠሮው ቀን ነበር። ልጃቸው የምስጋና ወረቀቱን የተቀበለውም ያን ዕለት ነው።

በሳምንቱ እንደ ምንም ተሳፍረው ሲመጡ ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አስነበባቸው። ባለፈው አምስተኛው መስመር ድረስ ወርደው ነበር። አሁን አራተኛው ላይ ቆሙ። እናትየው «ደክሞኝ ነው» አሉ። ታሪፍ ግን አምስተኛውን መስመር ትኩር ብሎ አየው፤ ለሱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አንድ መስመር ሙሉ ከእናቱ ዓይን ላይ ወስዶ ለድርጅቱ የሸጠ መሰለው፤ እውነትም ነበር። በማግሥቱ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ወደ ስም አይጠሬው ቢሮ ሄደና የእናቱን ቲኬት ገዛ።

በዚያው ወር ኮሚቴው ሠራተኛው ሁሉ የሚፈርመው ቅጽ አወጣ። «እኔም ሆንኩ የሥጋና የጋብቻ ዘመዶቼ በስም አይጠሬው ተሳፍረን ብንገኝ ከሥራ እንድሰናበት ወድጄና ፈቅጄ ተስማምቻለሁ» ይላል። ታሪፍ ፈረመ። ቅጹን ያረቀቀው ራሱ ስለነበር የፊርማውን ቦታ መፈለግ አላስፈለገውም።

ስምንት ወር በሰላም አለፈ። እናቱ ቀጠሯቸውን አላጓደሉም፤ አራተኛው መስመር ላይም ጸኑ። በዘጠነኛው ወር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አንድ ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ ስብሰባ ገባ። እንዲያውም ሲሮጥ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጉድ ፈላ! ስም አይጠሬው የዓመቱን ታማኝ ደንበኛ ሸለመ!»

ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አንዲት አሮጊት አበባ ታቅፈው፣ ግማሽ ፊታቸውን የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርገው ይስቃሉ። ታሪፍ መነጽሩን አወቀው። የገዛው እሱ ነው፤ ከመርፌው በኋላ ብርሃን እንዳይወጋቸው ብሎ። ብዕሩ ከእጁ ወደቀ፤ ሲያነሣው ጊዜ ወሰደ፤ እንዲያውም ከጠረጴዛው ሥር ባይወጣ ደስ ባለው።

ሊቀመንበሩ ሥዕሉን ቁልቁል ተመለከቱ። «እኚህ እናት ጠላታችን አይደሉም» አሉ በሐዘን። «ጠላት ያታለላቸው ወገናችን ናቸው። ይጠሩ። ስንት ብንቀንስላቸው እንደሚመለሱ ከራሳቸው አፍ እንስማ። በሳቸው ልክ ዋጋ እንቆርጥና በሚመጣው ወር ኪሳራም ቢሆን በዚያ መሥመር ላይ እንዘምታለን። ስም አይጠሬው ሁለት ወር አይቆይም። እሱ ሲወጣ ዋጋችንን ወደ ቀድሞ ክብሩ እንመልሳለን።»

«ወደ ቀድሞው?» አሉ የገንዘብ ኃላፊዋ።

«ትንሽ ከፍ አድርገን። ለደከምንበት።»

ታሪፍ ቃል በቃል ጻፈው። እየጻፈ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስም አይጠሬው ሲወጣ፣ ከተራራው ማዶ የሚመጣ የተረጋገጠ ወንበር አይኖርም። አራተኛው መስመርም አይኖርም።

«ስልካቸውን አግኝቻለሁ» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ። «ነገ መኪና እልክልዎታለሁ አልኳቸው። ‹ሻይ አላችሁ?› አሉኝ።»

ታሪፍ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ የተወጋው ዓይናቸው ላይ ፋሻ ተለጥፎ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«እማዬ፣ ነገ የትም እንዳትሄጂ።»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«የት?»

«አንተ መሥሪያ ቤት። አንተ ጋብዘኸኝ አታውቅ፤ ሌሎቹ ጋበዙኝ።»

ታሪፍ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እማዬ፣ ልጅሽ መሆኔን ካወቁ ያባርሩኛል።»

«እናት ስላለህ?»

«በዚያኛው ስለምትሳፈሪ።»

«በየትኛው? ስሙን ጥራው እንጂ።»

«እንዳይጠራ ተወስኗል።»

«እቤትህም?»

ታሪፍ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ አየ። እናቱ ባልታሰረው ዓይናቸው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«እሺ፣ አላውቅህም» አሉ። «አይዞህ፣ አያቅተኝም። ታሪፍ የሚሉት ልጅ እኔ አልወለድኩም።»

በማግሥቱ የስብሰባው አዳራሽ ለአንድ አሮጊት ሲባል ተወለወለ። አበባ ተቀመጠ፤ ስም አይጠሬው ከሰጣቸው አበባ በሦስት ዘንግ የሚበልጥ እንዲሆን ተቆጥሮ ነው። እናት ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። ልጃቸው ፊት ደርሰው አለፉት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አንተን የት ነው የማውቅህ የኔ ልጅ?»

«እኔን?» ሊቀመንበሩ ሳል ያዛቸው። «ፊቴ የተለመደ ነው፣ እማማ። ይቀመጡ።»

«እስቲ አንተ ጸሐፊው፣ ያቺን ሻይ አቅርብልኝ» አሉ እናት ሲቀመጡ። ታሪፍ አቀረበ። ግማሹን ሰሐኑ ላይ ደፋው። «ጎበዝ» አሉት እናቱ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ድርጅቱ የስንት ዓመት አንጋፋ እንደሆነ፣ ስንት ሽልማት እንዳለው፣ ደንበኛ ንጉሥ እንደሆነ፣ ንጉሥ ደግሞ ርካሽ ነገር እንደማያምረው አንድ ሩብ ሰዓት ተናገሩ። እናት ሻያቸውን ጨረሱ።

«እንግዲህ እማማ፣ ሳይደብቁ ይንገሩን» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ብንቀንስልዎት ወደ እኛ ይመለሳሉ?»

«ከስንት ላይ?»

«ከሚከፍሉት ላይ።»

«ለናንተ እኮ ምንም አልከፍልም። ነጻ ቲኬት አለኝ። ልጄ እናንተ ጋ ነው የሚሠራው።»

የሕዝብ ግንኙነቱ ማስታወሻ መጻፉን አቆመ። የገንዘብ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ።

«በነጻ እየወሰድንዎት...?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«መች ወሰዳችሁኝ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ የናንተ ቲኬት ማለት ይኼ ነው። ሦስት ቀን በታክሲ ተመላለስኩ። ‹ቦታ ከተገኘ› ይሉኛል፣ አይገኝም። የዓይኔ ቀጠሮ አለፈ። አንድ መስመር ጠፋብኝ።» ጣታቸውን አነሡ። «እዚያኛው ከፍዬ ነው የምሄደው። ወንበሩ ጉልበቴን ይወጋኛል። ውኃ በገንዘብ ነው። ሳቅም በገንዘብ ሳይሆን አይቀርም፣ አይስቁም። ግን ያሳፍሩኛል። የናንተ ነጻው ነው የተወደደብኝ።»

ታሪፍ ይኼን ሁሉ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረበት። «ነጻው ተወደደ» ብሎ ጻፈና ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ቀጣዩ መስመር አልታየውም።

«ልጅዎ...» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው፣ «ማን ይባላል?»

ታሪፍ አሁን ተነሥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ግን አልለቀው አለ።

«አልነግርህም» አሉ እናቱ። «ቅጽ አስፈርማችሁታል አሉ። ክፉ ልጅ አይደለም። ፈሪ ነው እንጂ።»

ይህ ሲባል አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ማንም ማንንም አላየም። የገንዘብ ኃላፊዋ ጥፍራቸውን መረመሩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ጣሪያውን እንደ አዲስ አየው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ፈጠን ብለው «ስም እንኳ አስፈላጊ አይደለም፤ ጊዜውም ገፍቷል!» አሉ። ታሪፍ አንገቱን ቀብሮ ስለነበር ሌላው ሁሉ አንገቱን መቅበሩን ልብ አላለም። ሁሉም እሱን ያወቁበት መሰለው።

እናት በመኪና ከተሸኙ በኋላ ኮሚቴው በጥልቀት ተወያየ። «ችግሩ ተገኝቷል» አሉ ሊቀመንበሩ። «ነጻው ቲኬታችን ከተፎካካሪው ጋር ሲወዳደር ውድ ነው። ስለዚህ በነጻ ቲኬት ላይ የሃምሳ በመቶ ቅናሽ እናደርጋለን።»

«ከነጻው ላይ ግማሹን?» አለ ታሪፍ።

«የታሪፍ ሰው አይደለህም እንዴ? አስላው!»

ታሪፍ አሰላው። ውጤቱን በሦስት ዓምድ፣ አሮጌ ዋጋ፣ ቅናሽ፣ አዲስ ዋጋ ብሎ አቀረበ። በሦስቱም ዓምድ የተጻፈው ያው ዜሮ ነበር። የገንዘብ ኃላፊዋ በጀት የማይነካ ቅናሽ በሕይወታቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ገልጠው አመሰገኑት። ስም አይጠሬውን ከገበያ የማስወጣቱ ዘመቻም በሚመጣው ሰኞ ስብሰባ ላይ እንዲጸድቅ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ታሪፍ እናቱን ሊሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የኮቱን ኮሌታ አቁሞ የስም አይጠሬው ሰልፍ ውስጥ ገባ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቱ የቆመች አንዲት ሴት ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ከዘራ የያዙ አባቷን ደግፋለች። ከሷ ፊት አንድ ወጣት ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሁለት አክስቶቹን ግራና ቀኝ ይዟል። ከሁሉም ፊት ደግሞ አንድ ቀጥ ያሉ ሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አሮጊት ይገፋሉ። የቆሙበት አኳኋን ጠረጴዛ በጣት የሚወጋ ሰው ይመስላል።

እናት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«እንዴ! የሻዩ ሰዎች!» አሉ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። «የት ነው የማውቅህ ስል ለካ እዚሁ ሰልፍ ላይ ነው! እማማ፣ እርስዎም ደኅና ነዎት? ኩላሊቱ እንዴት አደረገዎት?»

«ተመስገን፣ እህቴ» አሉ በተሽከርካሪው ወንበር ያሉት። «አማቼ በየወሩ ያመላልሰኛል፤ ይባረክ።»

ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ዞሩ። የገንዘብ ኃላፊዋም ዞሩ። የሕዝብ ግንኙነቱ መዞር አልቻለም፤ በሁለት አክስት መካከል ነው።

«ጥናት ላይ ነኝ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔም ጥናት ላይ» አሉ የገንዘብ ኃላፊዋ።

ሁሉም ታሪፍን አዩት። ታሪፍ ኮፍያውን አወለቀ። መነጽሩንም አወለቀ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው።

«እኔ እናቴን እየሸኘሁ ነው» አለ። «እናቴ ናት።»

የትናንት በስቲያው ፈሪ ከአፉ ይህ ሲወጣ ራሱ ገረመው። እናቱ ግን አልገረማቸውም፤ እጁን ፈልገው ያዙት። ከዚያ ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ ቃኙትና ሊቀመንበሩን በእውነተኛ ርኅራኄ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ሁላችሁም ጥቁር መነጽር ያደረጋችሁት መርፌ ተወግታችሁ ነው?»

ስም አይጠሬው መንገደኞቹን በሰዓቱ አሳፈረ።

የሰኞው ስብሰባ በታሪክ እጅግ አጭሩ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ቅዳሜ ማንም አላነሣም፤ ስለ ቅጹም ማንም አላነሣም። ታሪፍ በያዘው ቃለ ጉባኤ መሠረት፣ ተፎካካሪውን ከገበያ ለማስወጣት የታሰበው ዘመቻ ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው ሆኖ ስለተገኘ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ጥናቱንም የኮሚቴው አባላት ራሳቸው፣ በቦታው እየተገኙ፣ በየአምስት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት እንዲያካሂዱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።